ልጅ የሚሮጠው ምክንያት ሲያገኝ ነው

እንደምን አላችሁ። ወላጆችም፣ የመዋዕለ ሕፃናት መምህራንም፣ የልጅ ልጆቻቸውን የሚጠብቁ አያቶችም እዚህ እንዳላችሁ አያለሁ። እንኳን መጣችሁ። ዛሬ የምናወራው ስለ ትንንሽ ልጆች ሩጫ ነው። ስለ ውድድርና ሜዳልያ አይደለም። ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ስድስት ዓመት ገደማ ስላሉት፣ እጅና እግራቸውን ማዘዝ ገና እየተማሩ ስላሉት ልጆች ነው።

ዋናውን ሐሳብ መጀመሪያ ላይ ልበለው። ትንሽ ልጅ «በደንብ ሩጥ» ስለተባለ መሮጥ አይማርም። የሚሮጠው ምክንያት ሲያገኝ ነው። የሚያባርረው ሰው፣ ሳይፈነዳ ሊይዘው የሚፈልገው የሳሙና አረፋ፣ ቀድሞ ሊደርስበት የሚፈልገው ዛፍ። ደስ የሚለው ነገር፣ ምክንያቱን ስትቀይሩለት አሯሯጡም አብሮ ይቀየራል። ዛፉ ጋ ለመድረስ ቀጥ ብሎ ይሮጣል። ከሚያባርረው ልጅ ለማምለጥ ግን ይታጠፋል፣ ያታልላል፣ ድንገት ይቆማል። እንዲህ አድርግ ያለው የለም። ስለዚህ የእኛ ሥራ ጥሩ ምክንያት ማዘጋጀት ነው፤ ከዚያ ትንሽ ዞር ማለት።

ሩጫ ከእርምጃ በምን እንደሚለይ አስባችሁ ታውቃላችሁ? በፍጥነት ብቻ አይደለም። ስንራመድ ሁልጊዜ ቢያንስ አንደኛው እግራችን መሬት ላይ ነው። ስንሮጥ ግን ሁለቱም እግሮቻችን መሬት የሚለቁበት ቅጽበት አለ። በጣም አጭር ናት፣ ግን አለች። ከዚያ መላው ሰውነት በአንድ እግር ላይ ያርፋል፣ ያ እግር ክብደቱን ይቀበላል፣ ሚዛኑን ይጠብቃል፣ መልሶ ይገፋል፣ ይህ ሁሉ ደግሞ ዓይን ጥቅሻ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ነው። የአንድ ዓመት ተኩል ልጅ «እየሮጠ ነው» ስንል ብዙውን ጊዜ የምናየው ችኩል እርምጃ ነው። መሬት የሚለቀው ትክክለኛው ሩጫ ለአብዛኞቹ ልጆች የሚመጣው በሁለትና በሦስት ዓመት መካከል ነው።

አሯሯጣቸውን ልብ ብላችሁ እዩት። እግሮቻቸውን ሰፋ አድርገው ያስቀምጣሉ። እጃቸውን ወደ ላይ ከፍ አድርገው ይይዛሉ። እርምጃቸው አጭር ነው፣ በሙሉ ውስጥ እግራቸው ጧ ጧ እያደረጉ ያርፋሉ። አንዳንድ ወላጅ ይህን አይቶ ይደነግጣል። ምንም ችግር የለውም፤ እንዲያውም ብልህ መፍትሔ ነው። ሕፃን ሲወለድ ጭንቅላቱ ከጠቅላላ ቁመቱ ሩብ ያህል ነው። አዋቂ ላይ ስምንተኛ ያህል ብቻ ነው። ትንሽ ልጅ ከላይ ይከብዳል ማለት ነው፣ ስለዚህ በቀላሉ ወደ ፊት ይደፋል። እግር ማስፋትና እጅ ማንሳት ሰውነቱ ራሱ ያገኘው መላ ነው። ሚዛኑ ሲጠናከር እጆቹ ይወርዳሉ፣ ከእግሮቹ ጋር በተቃራኒ ይወዛወዛሉ፣ እርምጃው ይረዝማል። ዕድሉን ያገኙ ልጆች ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ጊዜ አሯሯጣቸው የትልቅ ሰው መምሰል ይጀምራል።

ስለዚህ የሦስት ዓመት ልጅ ፊት ቆሞ «ክርንህን እጠፍ፣ ጉልበትህን አንሳ» ማለት ድካም ብቻ ነው። ልጁ ስለ ክርኑ ማሰብ ሲጀምር ስለሚሮጥበት መንገድ ማሰብ ያቆማል። ይልቅ «መሬቱ ትኩስ ነው፣ እግራችሁን ቶሎ ቶሎ አንሱ!» በሉት። ጉልበቱ ራሱ ይነሳል። «ሕፃን ተኝቷል፣ እንዳይነቃ ሩጡ» በሉት፣ አሁን ደግሞ ኮቴው ቀላል ይሆናል። ለልጅ የሰውነት ክፍል ስም አትዘርዝሩለት፤ የሚያስበው ነገር ስጡት።

አሁን ስለ መውደቅ። ካረን አዶልፍ የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ሆና እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተመችው ጥናት አለ። ከ12 እስከ 19 ወር የሆናቸውን ልጆች በነጻ ሲጫወቱ ተከታትለው እርምጃቸውን ቆጠሩ። በአማካይ በአንድ ሰዓት ውስጥ 2,368 እርምጃ፣ 17 ውድቀት። በአንድ ሰዓት! ሌላም አስተውለዋል፤ ልጆቹ ቀጥ ብለው አይሄዱም። ትንሽ ይሄዳሉ፣ ይቆማሉ፣ ይዞራሉ፣ ወደ ሌላ ነገር ይሳባሉ፣ ይወድቃሉ፣ ይነሳሉ። እኔ ይህን ጥናት የምወደው አንድ ነገር ስለሚያሳይ ነው። ልጅ በተፈጥሮው የሚለማመደው እኛ ልምምድ በምንለው መንገድ አይደለም። አንድን ነገር ደጋግሞ አያደርግም፤ እያንዳንዷ ሙከራ ከቀደመችው ትለያለች። ሰውነቱ የሚማረውም ከዚህ መለያየት ነው።

ወደ ቅንጅት እንምጣ። አንድ ልጅ ሳይጋጭና ሳይደፋ እንዲሮጥ አንጎሉ ከሦስት ቦታ መረጃ ይሰበስባል። አንደኛው ዓይን ነው። ሁለተኛው የውስጥ ጆሮ ነው፤ ጭንቅላታችን ሲዞር፣ ሲዘነብልና ሲፈጥን የሚነግረን እሱ ነው። ሦስተኛው በጡንቻና በመገጣጠሚያ ውስጥ ያለው ስሜት ነው፤ ዓይናችንን ጨፍነን እጃችን የት እንዳለ የምናውቀው በዚህ ነው። ከጭንቅላታችን በስተኋላ ያለው ትንሹ አንጎል ይህን ሁሉ ያገናኛል፣ እንቅስቃሴውንም ያስተካክላል። ትንንሽ ልጆች በብዛት የሚተማመኑት በዓይናቸው ነው። ሌሎቹ ሁለቱ የሚሳሉት በመጠቀም ነው። ዥዋዥዌ፣ ሸርተቴ፣ ሣር ላይ መንከባለል፣ እጅ ለእጅ ተያይዞ መሽከርከር፣ ትራስ ላይ መራመድ፣ በእጅና በእግር እንደ ድብ መሄድ። እነዚህን ከሩጫ ጋር የማይገናኙ አድርጎ የሚያይ ሰው አለ። የሩጫው መሠረት ግን እነሱ ናቸው።

ምን ያህል ይንቀሳቀሱ ለሚለው የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ግልጽ መመሪያ አውጥቷል። ከአንድ እስከ አራት ዓመት ላሉት በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይላል። ሦስትና አራት ዓመት ለሆናቸው ከዚያ ውስጥ ቢያንስ 60 ደቂቃው ልብ የሚያስመታ፣ የሚያስተነፍስ መሆን አለበት። አንድ ዓመት ላልሞላቸው ደግሞ ወለል ላይ መጫወት፣ ገና መዳህ ላልጀመሩት በቀኑ ውስጥ ተከፋፍሎ ቢያንስ 30 ደቂቃ በሆዳቸው መተኛት፣ ነቅተው ሳሉ ማለቴ ነው። ልጅን በጋሪ፣ በወንበር ወይም በጀርባ አስሮ በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰዓት በላይ አለማቆየት። ስክሪን ሁለት ዓመት ሳይሞላ አይመከርም፤ ከዚያ በኋላም በቀን ከአንድ ሰዓት አይለፍ፣ ከዚያ ካነሰ ደግሞ የተሻለ ነው።

180 ደቂቃ ሲባል ሰው ይደነግጣል። «ሦስት ሰዓት ሙሉ እንዴት አድርጌ ላስሩጠው?» ይላል። በአንድ ጊዜ አይደለም። ጠዋት ዐሥራ አምስት ደቂቃ፣ ወደ ሱቅ በእግር ሲሄድ፣ ደረጃ ሲወጣ፣ ግቢ ውስጥ ሲዘል፣ ማታ ከመታጠቡ በፊት ሳሎን ውስጥ ሲያሯሩጣችሁ፣ ሁሉም ይደመራል። ልጆች ሲጫወቱ በባሕርያቸው ለጥቂት ሰከንድ በኃይል ይሮጣሉ፣ ያርፋሉ፣ ደግሞ ይሮጣሉ። ለረጅም ጊዜ በእኩል ፍጥነት ማስሮጥ የአዋቂ ልምምድ ነው። ለእነሱ አይስማማም፣ ደግሞም ይሰለቻቸዋል።

አሁን ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ላይ ደርሻለሁ፣ እባካችሁ እዚህ ላይ ትንሽ ቆዩልኝ። «ልጅ ነው፣ ሲያድግ ራሱ ይችለዋል» የሚል አባባል አለ። ለመራመድ ይህ እውነት ነው ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ጤነኛ ሕፃናትን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ውጤት፣ ብቻቸውን መራመድ የጀመሩበት ጊዜ ከ8 ወር ትንሽ ካለፈ አንስቶ እስከ 17 ወር ተኩል ገደማ ይዘረጋል። ሰፊ ነው። ጎረቤት ቀድሞ ተራመደ ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም። ለማፋጠን ብላችሁም ዎከር የሚባለውን ባለ ጎማ መቀመጫ አትግዙ፤ መራመድን አያስተምርም፣ ከደረጃ ላይ ይዟቸው ይወድቃል፣ ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2004 ሽያጩን ጭምር ከልክላለች።

ለሌሎቹ ክህሎቶች ግን «ራሱ ይችለዋል» አይሠራም። በአንድ እግር እንጣጥ እንጣጥ ማለት፣ ኳስ መቅለብ፣ በትክክል መወርወር፣ በሩጫ መካከል አቅጣጫ መቀየር፣ እግር እያፈራረቁ መዝለል፣ እነዚህ ዕድል ይፈልጋሉ። ቦታ፣ ጊዜ፣ አብሮ የሚጫወት ሰው። ዕድሉን ያላገኘ ልጅ ቁመቱ ያድጋል፣ ክህሎቱ ግን እዚያው ይቀራል።

ለምን አሁን? ለምን ትምህርት ቤት ገብቶ አይማረውም? የአራት ዓመት ልጅ ሰብስባችሁ «ከሁላችሁም ፈጣን ማነው?» ብትሉ ሁሉም «እኔ!» ይላሉ። የመጨረሻ የወጣችውም ጭምር። ትንንሽ ልጆች ችሎታቸውን አጋነው ያያሉ፣ ይህ ደግሞ ትልቅ ስጦታ ነው። ስላልቻሉ አያፍሩም። ወድቀው ይነሳሉ፣ ስተው ይደግማሉ። ሰባት ስምንት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ግን ራሳቸውን ከጓደኞቻቸው ጋር በትክክል ማወዳደር ይጀምራሉ። ያኔ ደካማ እንደሆነ የገባው ልጅ ከጨዋታው ይሸሻል። ስለሚሸሽ ልምምድ አያገኝም። ልምምድ ስለማያገኝ ይበልጥ ወደ ኋላ ይቀራል። የሚችለው ልጅ ደግሞ ይበልጥ ይጫወታል፣ ይበልጥ ይችላል። ይህን አዙሪት ዐሥራ ሁለት ዓመቱ ላይ ለመስበር መሞከር በጣም ከባድ ነው። አራት ዓመቱ ላይ ግን ልጁ ራሱ ያለ ልመና ይሞክርላችኋል። ይህን ጊዜ በቁጭ በል ማሳለፍ በጣም ያሳዝነኛል።

እሺ፣ ምን እንጫወት? ከመቆም እንጀምር። ሩጫ ብለህ ጠርተህ ከመቆም ትጀምራለህ እንዴ የሚል ይኖራል። አዎ። ግድግዳ ላይ የሚላተሙትን፣ ጓደኛቸው ላይ የሚወድቁትን ልጆች አስተውሉ፤ የጎደላቸው ፍጥነት ሳይሆን ፍሬን ነው። ለመቆም እርምጃን ማሳጠር፣ ጉልበትን ማጠፍ፣ መቀመጫን ዝቅ ማድረግ፣ ከወገብ በላይ ያለውን ወደ ፊት እንዳይሄድ መያዝ ያስፈልጋል። ከመሮጥ ይከብዳል። መቆም የሚያውቅ ልጅ ደግሞ ለመሮጥ አይፈራም።

ጨዋታው ቀላል ነው። ሙዚቃ ክፈቱ ወይም አጨብጭቡ። ድምፅ ሲኖር እንቅስቃሴ፣ ድምፅ ሲቆም እንደ ሐውልት ድርቅ። መጀመሪያ በእርምጃ፣ ቀጥሎ በሶምሶማ፣ ከዚያ በሩጫ። ሲለምዱት «በአንድ እግር ቁሙ»፣ «ቁጢጥ ብላችሁ ቁሙ»፣ «አንድ እጅና አንድ እግር መሬት ነክቶ ቁሙ» እያላችሁ አክብዱት። ሌላ ቀን ደግሞ ድምፁን ትታችሁ ቀለም ተጠቀሙ፤ አረንጓዴ ጨርቅ ሲነሳ መሮጥ፣ ቀይ ሲነሳ መቆም። አሁን ዓይናቸውን ከመሬት አንስተው እየሮጡ ማየት ይገደዳሉ። ትንሽ ቆይታችሁ ገልብጡት፣ ቀይ ሩጫ፣ አረንጓዴ መቆም ይሁን። ሳቁ አይጣል ነው! ግን በዚያ ሳቅ ውስጥ ልጁ ሰውነቱ ሊያደርግ የተነሳውን ነገር መግታት እየተለማመደ ነው። ይህ ችሎታ ከሜዳ ውጭም፣ ተራ ሲጠብቅም፣ ሊማታ እጁን ሲያነሳም ያስፈልገዋል።

ከመቆም ቀጥሎ መታጠፍ። ለዚህ ከአባሮሽ የተሻለ ነገር አላውቅም። ግን የቦታው ስፋት ጨዋታውን እንደሚወስን ልብ በሉ። ሰፊ ሜዳ ላይ ፈጣኑ ልጅ ብቻ ያሸንፋል። ጠባብ ቦታ ላይ ደግሞ መታጠፍና ማታለል የሚችለው ያመልጣል። መሬቱ ላይ በጠመኔ ወይም በገመድ ክብ ሥሩ፣ አጥብቡት፣ አስፉት፣ መሐሉ ላይ ወንበር ወይም ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙሶች አስቀምጡና በዙሪያቸው ይዙሩ። ያው አባሮሽ ነው፣ ግን ሌላ ክህሎት ይወጣዋል።

እኔ በጣም የምወደው የጭራ ጨዋታ ነው። እያንዳንዱ ልጅ ወገቡ ላይ ቁራጭ ጨርቅ ይሰካል፣ ከኋላ እንዲንጠለጠል። አይታሰርም፣ ሲጎተት እንዲወጣ ብቻ ይሰካል። ከዚያ ሁሉም የሁሉንም ጭራ ለመንጠቅ ይሮጣል፣ የራሱን ደግሞ ይጠብቃል። በአንድ ጊዜ አባራሪም ተባራሪም ነው። ጀርባው እንዳይጋለጥ ይሽከረከራል፣ ወደ ጎን ይሮጣል፣ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ማን ከየት እንደመጣ ያያል። በአሰልጣኝ ትእዛዝ ይህን ሁሉ ለማስደረግ ወራት ይፈጃል።

ጭራው የተነጠቀው ልጅ ምን ይሆናል? ይህ ለኔ ትልቁ ጥያቄ ነው። በብዙ ጨዋታ «ወጥተሃል፣ ቁጭ በል» ይባላል። አስቡት። መጀመሪያ የሚወጣው ማን ነው? ቀርፋፋው፣ ሚዛኑ ያልጠነከረው፣ ከሁሉ በላይ መጫወት የሚያስፈልገው። እሱ ዳር ተቀምጦ ያያል፣ የሚችለው ይለማመዳል። ይህን ለትንንሽ ልጆች ፈጽሞ አልደግፍም። ጥግ ላይ የጨርቅ ክምር አስቀምጡ፤ የተነጠቀ ሮጦ ሌላ ጭራ ሰክቶ ይመለስ። በአባሮሽም የተያዘ አምስት ጊዜ ዘሎ ይግባ። በወንበር ዙሪያ በሚጫወቱት ጨዋታም ልጅ አትቀንሱ፤ ወንበር ብቻ ቀንሱ፣ ተቃቅፈው ይካፈሉት። ደስታው አይቀንስም። አንዳንዴም ይበልጣል።

ስለ መዝለል አንዲት ነገር ላሳያችሁ። ሁለት ገመድ መሬት ላይ አጋድሙ፣ ትይዩ ሳይሆን በአንድ ጫፍ ጠበብ፣ በሌላው ጫፍ ሰፋ ብለው። ወንዝ ነው በሏቸው። ማንም የት ጋ መዝለል እንዳለበት አትንገሩ። ሁሉም የሚችለውን ስፋት ራሱ ይመርጣል። ፈራ ተባ የምትለው ልጅ ከጠባቡ ትጀምራለች፣ ደፋሩ በቀጥታ ወደ ሰፊው ይሮጣል፣ ውኃ ውስጥ ይገባል፣ ትንሽ ጠበብ ወዳለው ይመለሳል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ልጅቷ ሳትጠሯት አንድ እርምጃ ወደ ሰፊው ጠጋ ስትል ታያላችሁ። ሁሉም በአንድ ቦታ፣ በአንድ ጊዜ፣ በየልኩ ይጫወታል፣ ማንም ሳይሸነፍ። ይህን አስተሳሰብ ወደ ሌላውም ውሰዱት፤ ቅርጫት ውስጥ ኳስ ሲወረውሩ የሚቆሙበትን ርቀት ራሳቸው ይምረጡ፣ የሚራመዱበትን ግንድ ወፍራምም ቀጭንም አድርጉላቸው።

ዕድሜ ካነሳን፣ በሁለቱም እግር መሬት ለቆ መዝለል ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ይመጣል። በአንድ እግር እንጣጥ ማለት ብዙ ልጆች የሚችሉት አምስት ዓመት አካባቢ ነው፣ ቀደም የሚሉም አሉ። ሰኞ ማክሰኞ ለዚህ ዕድሜ ተወዳዳሪ የለውም፤ መዝለሉ፣ በአንድ እግር ማረፉ፣ ዝቅ ብሎ ጠጠር ማንሳቱ፣ ሁሉም አለበት። ለሦስት ዓመት ልጆች ሳጥኖቹን ትልልቅ አድርጉና በሁለት እግር ይዝለሉት።

ከኳስ ጋር የሚያስቸግራቸው ጊዜው ነው። ኳሱ ይመጣል፣ እነሱ ፊታቸውን ያዞራሉ፣ እጃቸውን የሚያጥፉት ኳሱ ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ኳሱን አዘግዩላቸው። ስስ ሻሽ ወደ ላይ ወርውሩ፣ ቀስ ብሎ ሲወርድ ዓይናቸው ይከተለዋል፣ እጃቸው ይደርሳል። ቀጥሎ ትልቅና ለስላሳ ኳስ ከቅርብ። አራት ዓመት ላይ ብዙዎቹ ትልቅ ኳስ መያዝ ይችላሉ። ፊኛም ጥሩ ነው፣ ግን አዋቂ አጠገባቸው ይሁን፤ የፈነዳ ፊኛ ቁራጭ ሕፃን ጉሮሮ ውስጥ ገብቶ ሊያፍን ይችላል፣ ወዲያው ልቀሙት።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልናገር፤ ብዙ ቦታ ኳሱ ለወንዶቹ ይሰጣል፣ ለሴቶቹ ደግሞ ገመዱ። ከዚያ አምስት ዓመት ላይ «ሴት ልጅ ኳስ አይሆንላትም» ይባላል። በዚህ ዕድሜ በጡንቻ በኩል በሴትና በወንድ መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ነው። የሚለያየው ስንቴ ወረወረች፣ ስንቴ ለጋች የሚለው ነው። ኳሱን ስጧት። ለወንዱም ገመዱን ስጡት፣ የእግሩ ቅንጅት ያስፈልገዋል።

ቦታ የለንም የምትሉ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ትልቅ ሜዳ ቢኖር ጥሩ ነው። ከሌለ ግን ጠባብ ቤት ውስጥም ብዙ ይሠራል። ወለል ላይ መስመር በማጣበቂያ ፕላስተር ለጥፉና ይራመዱበት፣ ወደ ኋላም ይሞክሩት። ትራሶችን እንደ ድንጋይ ደርድሩ፣ ወለሉ ባሕር ይሁን። ጠረጴዛ ሥር መሿለክ፣ ወንበር መዞር፣ ኮሪደሩን እንደ ሸርጣን በጎን መሄድ። ስለታም ጠርዝና የሚያንሸራትት ምንጣፍ ብቻ አንሱ። ውጭ ስትወጡ ደግሞ ሁልጊዜ ለስላሳና ደልዳላ ቦታ አትፈልጉ፤ ሣር፣ አሸዋ፣ ትንሽ ቁልቁለት እግርን ያስተምራሉ። ጫማው ሶሉ ስስና በቀላሉ የሚተጣጠፍ ይሁን፣ ጣቶች የሚላወሱበት ቦታ ይኑረው። መሬቱ ንጹሕና ስለት የሌለበት ከሆነ በባዶ እግር መጫወትም መልካም ነው።

እናንተ ደግሞ ከዳር ቆማችሁ «ተጠንቀቅ! ተጠንቀቅ!» አትበሉ። ልጁ ከምን እንደሚጠነቀቅ አይነግረውም፣ ያስደነግጠዋል፣ ቀና ብሎ እናንተን ሲያይ ይወድቃል። የምትናገሩት ካለ ተጨባጭ ይሁን፤ «ድንጋዩ ይንቀሳቀሳል»፣ «ቀጥሎ እግርህን የት ልታሳርፍ ነው?» መኪና፣ ገደል፣ ውኃ ካለ ያለ ጥርጥር ያዙት። ጉልበት መጫር ግን የልጅነት ነው። ሲወድቅ ፊታችሁን ነው መጀመሪያ የሚያየው። ረጋ ካላችሁ ይነሳል። ከሁሉ የሚሻለው አብራችሁ መጫወት ነው፣ ጎንበስ ብላችሁ፣ እያለከለካችሁ፣ አንዳንዴ እየተያዛችሁ።

መጫወት የማይፈልግ ልጅስ? አንዳንዱ ዳር ቆሞ ማየት ይቀድመዋል፣ ያ ራሱ መማር ነው። አትጎትቱት፣ «ፈሪ» አትበሉት፣ ሰው ፊት ደግሞ ጭራሽ። ሥራ ስጡት፤ እሱ ያጨብጭብ፣ እሱ ቀዩን ጨርቅ ያንሳ። ከብዙ ልጅ ጋር ከመጫወቱ በፊት ከአንድ ጋር ይጫወት። ጩኸት የሚረብሸው ከሆነ ድምፁን ቀንሱ። በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀስ ወይም በክራንች የሚሄድ ልጅ ካለ ሕጉን ለሁሉም ቀይሩት እንጂ እሱን ዳኛ አድርጋችሁ አታስቀምጡት። ጭራው ከወንበሩ ጀርባ ይንጠልጠል፣ ወለሉ ደልዳላ ይሁን፣ ሌሎቹ በአንድ እግር ይዝለሉ። ልጆች ሕግ ሲቀየር አይከፋቸውም፣ እንዲያውም እነሱ የተሻለ ያመጣሉ።

ሐኪም ማየት ያለበት ነገርም አለ፣ ይህን ሳልናገር አልወርድም። 18 ወር ሞልቶት ብቻውን የማይራመድ ልጅ ይታይ። ይችለው የነበረውን ነገር የተወ፣ መውደቁ እየቀነሰ በመሄድ ፈንታ እየበዛ የመጣ፣ የሚያነክስ ወይም አንዱን ጎኑን ብቻ የሚጠቀም፣ ሦስት ዓመት አልፎትም ዘወትር በጣቱ ጫፍ የሚራመድ፣ ከመሬት ለመነሳት እጁን ጭኑ ላይ እየተደገፈ ሽቅብ የሚወጣ፣ እነዚህ ይታዩ። «ይተወዋል» ብላችሁ አትጠብቁ፣ ቶሎ መታየቱ ይጠቅማል። በሌላ በኩል የሁለት ዓመት ሕፃን ውስጥ እግሩ ጠፍጣፋ ቢመስል፣ የሦስት አራት ዓመት ልጅ ጉልበቱ ወደ ውስጥ ቢጠጋጋ፣ ሁለቱም እግሮች እኩል ከሆኑና ሕመም ከሌለው፣ አብዛኛውን ጊዜ የእድገት ጉዳይ ነው፤ ጉልበቱ ሰባት ዓመት ገደማ ይስተካከላል።

መጨረሻ ላይ አንዲት እናት ክለብ መቼ ላስገባት ብለው ጠይቀውኛል። ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ስፖርት ብቻ መርጦ ማሠልጠን አያስፈልግም። መሮጥ፣ መዝለል፣ መወርወር፣ መዋኘት፣ መደነስ፣ መውጣጣት፣ ሁሉንም ትቅመሰው። ልጅቷ ራሷ ከጠየቀችና ቦታው ቅርብ ከሆነ ግን ሄዳችሁ እዩት። ለአንድ ሰዓት ዳር ተቀመጡና ልጆቹን ተመልከቱ። አሰልጣኙ ምን ያህል እንደሚያውቅ ሳይሆን ልጆቹ ምን ያህል እንደሚንቀሳቀሱ እዩ። ኳስ ለእያንዳንዱ አለ ወይስ ለዐሥራ አምስት ልጅ አንድ ነው? የሳተ ልጅ ምን ይባላል? ልጅቷስ ስትወጣ «መቼ ነው የምንመለሰው?» ትላለች? ተሰልፈው ተራ የሚጠብቁበት ጊዜ ከሚሮጡበት ከበለጠ፣ ያንን ሰዓትና ገንዘብ ትታችሁ አንድ ሁለት የሰፈር ልጅ ጨምራችሁ ጭራ ብታነጣጥቋቸው ይሻላል።